ደጋ ላይ የተስተካከለ ሞተር ቆላ ሲወርድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አዋሽ የሚወርድ ብርቱ የቤንዚን ሞተር፣ ደጋው ላይ ያለ እንከን ሲሠራ ቆይቶ ቆላ ሲደርስ፣ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ የሚያሰማበት ጊዜ አለ። ባለመኪናው ቤንዚን ሻጩን ያማል፤ ባለሱቁም አዲስ ካንዴላ ይሸጥለታል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ካንዴላው እሳት በሚሰጥበት ጊዜ ላይ ነው።

የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ነዶ እስኪያልቅ ጥቂት ጊዜ ስለሚወስድ፣ እሳቱ የሚወጣው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ አስቀድሞ ነው። ኮሎው በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ አንድ ሺህኛ ውስጥ 18 ዲግሪ ይሄዳል፤ 6000 ሲሆን 36 ዲግሪ። እሳቱ የዘገየ እንደ ሆነ ኃይል ይባክናል፣ ሞተሩም ይግላል። ከልክ በላይ የቀደመ እንደ ሆነ ግን ገና ያልነደደው ድብልቅ በግፊትና በሙቀት ብዛት በድንገት ይፈነዳል፤ ፒስተንን እስከ መብሳትም ይደርሳል። መጨመቁ ከፍተኛ በሆነ ወይም ቱርቦ ባለው ሞተር ጉዳቱ ፈጣን ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። በዚህ ቀጭን አየር ሞተሩ ስለማያንኳኳ መካኒኩ እሳቱን አብዝቶ ያስቀድማል። መኪናው ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ግን አየሩ ወፍራምና ትኩስ ይሆናል፤ በደጋ የተገኘውም ጥቂት ኃይል በቆላ ሞተር ያስከፍላል። ስለዚህ ልኩ መወሰን ያለበት መኪናው በሚደርስበት ዝቅተኛ አገርና በሚያገኘው ደካማ ቤንዚን ነው።

ሥራው እንዲህ ይከናወናል። ሞተሩ በቂ ነፋስ ባለበት ስፍራ ይሞቃል፤ የጭስ ማውጫው ጋዝ በተዘጋ ቤት ይገድላልና። የቫኪዩም ቱቦው ተነቅሎ ይደፈናል። የመለኪያው መብራት ከ1ኛው ሲሊንደር የካንዴላ ሽቦ ጋር ተያይዞ በፑሌጃው ምልክት ላይ ይበራል። በዚህ ብርሃን የሚዞረው ቬንትሌተር የቆመ ሊመስል ስለሚችል፣ እጅንና ክራቫትን ማራቅ ግዴታ ነው። ልኩ በዝቅተኛ ዙር ብቻ ሳይሆን በከፍተኛ ዙርም ተፈትሾ ከፋብሪካው መመሪያ ጋር ይመሳከራል። በአንድ ጊዜ ከ1 ወይም ከ2 ዲግሪ በላይ ማስቀደም አይገባም፤ ኃይል ካልጨመረ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በመጨረሻ ዲስትሪቡተሩ ከጠበቀ በኋላ እንደገና ይለካል። በካንዴላው ሸክላ ላይ የአሉሚኒየም ፍንጣሪ ከታየ ፒስተኑ መጐዳት ጀምሯል።

አዳዲስ ሞተሮች ማንኳኳትን የሚያዳምጥ መሣሪያና ኮምፒዩተር አላቸው፤ ዲስትሪቡተር ያላቸው አሮጌዎቹ ግን አብዛኞቹ ይህ ጠባቂ የላቸውም። ኦክቴን ማለትም የቤንዚን ጉልበት ሳይሆን ማንኳኳትን የመቋቋም ልክ መሆኑን ሻጭም ገዢም ሊያውቁት ይገባል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ማንኳኳትን ለመከላከል የተገኘው የእርሳስ ቅመም በመርዛምነቱ ምክንያት በ2021 ከዓለም የመኪና ቤንዚን ሽያጭ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ባለ አሮጌ ሞተር የጥንቱን የእሳት ልክ እንዳለ መከተል የለበትም።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚን የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን ሞተር መጠበቅ ሀብትን መጠበቅ ሆኗል። መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴም ፒስተን ሊገዛ የመጣውን ደንበኛ የእሳቱን ልክ አስለክቶ እንደ ሆነ ቢጠይቀው፣ ዛሬ አንድ ዕቃ ሳይሸጥ ቢቀር እንኳ ደንበኛውን ለዘለቄታው ያተርፋል። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።