የማኅበሩ ስም በወፍራም ፎም ሲቀረጽ፦ ሌዘር የሚችለውና የማይችለው

ቀድሞ ናዝሬት በመባል ትታወቅ የነበረችው የአዳማ ከተማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ስትሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ለሚኖረው ገበሬ የንግድና የእጅ ሥራ ማዕከል በመሆን ታገለግላለች። ገበሬው ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን፣ ጤፉንና በቆሎውን የሚሸጠው፣ የውኃ መሳቢያ ሞተሩን የሚያስጠግነው፣ የማኅበሩን ማኅተምና ታፔላ የሚያሠራው በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ከተሞች ነው።

የገበሬ ማኅበራት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት ሲቋቋሙ፣ በቢሮ በር ላይ የተለመደው ሰሌዳ በብሩሽ የተጻፈ ቆርቆሮ ነበር። ዛሬ ግን የቀበሌና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች በከተማ የሚያዩትን ከግድግዳ ወጣ ብሎ የሚታይ ወፍራም ፊደል ለራሳቸው መጋዘንና አዳራሽ መፈለጋቸው አልቀረም። ፊደሉ ከፎም የሚሠራ ሲሆን፣ «በሌዘር የተቆረጠ» መባሉ እንደ ጥራት ማረጋገጫ ሲቆጠር ይሰማል። ነገሩ ግን እንደሚባለው አይደለም። ሳይጠይቁ ያዘዙ እንደሆነ የአባላቱ ገንዘብ በአንድ ክረምት ሊባክን፣ የሠሪውም ጤና ሊጎዳ ይችላል።

በሥራ ቤቱ የታየው

ይህ ዘጋቢ በአዳማ ከተማ በአንድ የማስታወቂያ ሥራ ቤት በተገኘበት ዕለት፣ ከመቂ አካባቢ የመጡ የአንድ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ ለሽንኩርት መጋዘናቸው ሰሌዳ ሊያሠሩ ቀርበው ነበር። የፈለጉት 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፊደል ነው።

«ልጄ፣ እንደ ባንኩ ከሩቅ የሚታይ ይሁን። ጠርዙም የተስተካከለ ይሁን። በሌዘር ነው ብለውናልና በሌዘር ቁረጥልን» አሉ ሊቀመንበሩ።

ወጣቱ ሠራተኛ ራሱን ነቀነቀ። «አባቴ፣ ሌዘሩ ለቀጭኑ ነው። ይህን አይወደውም። ግን በወሬ ከምነግርዎ አንድ ፊደል ልሞክርና በዓይንዎ ይዩት» ሲል መለሰ።

የእሳት ማጥፊያውን በአጠገቡ አድርጎ መኪናውን አስነሣ። የፊደሉ የላይኛው ፊት በመጠኑ ደህና ነበር። ወደ ታች ሲወርድ ግን ጠርዙ ሰፋ፣ ቀለጠ፣ አይጥ እንደበላው ዳቦ ተቦረቦረ። ከአፍታ በኋላ ከስንጥቁ ውስጥ ትንሽ ነበልባል ብልጭ ሲል ወጣቱ መኪናውን አቁሞ እሳቱን አጠፋ። ሊቀመንበሩ ዝም አሉ። ገንዘብ ያዡ የተቃጠለውን ፊደል አገላብጠው ካዩ በኋላ «ለዚህ ነው የአባላቱን ገንዘብ ልንከፍል የነበረው?» ሲሉ ጠየቁ።

ሌዘር ምንድን ነው?

በሞጆ ሌዘር ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው የቆዳ ፋብሪካው ነው። ይህኛው ሌዘር ግን ከቆዳ ጋር ዝምድና የለውም። ሌዘር ኃይለኛ የብርሃን ጨረር ነው። ልጆች በማጉያ መነጽር የፀሐይን ብርሃን አጥብበው ገለባ ሲያቃጥሉ ያየ ሰው የአሠራሩን ጠባይ በቀላሉ ይረዳዋል። የመጀመሪያው ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሠራ፣ በማስታወቂያ ሥራ ቤቶች በብዛት የሚገኘውን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1964 የፈለሰፉት ሕንድ የተወለዱት ኩማር ፓቴል ናቸው። ጨረሩ በዓይን አይታይም። በመስተዋቶች ተመርቶ በሌንስ ከጠበበ በኋላ ኮምፒዩተር የሚያዘውን መስመር እየተከተለ ይቆርጣል። ወረቀት፣ ስስ ጣውላና አክሪሊክ የተባለውን መስተዋት መሰል ፕላስቲክ ሲቆርጥ ሥራው እጅግ ያማረ ነው።

ወፍራም ፎም ለምን ያስቸግረዋል?

ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የጨረሩ ቅርጽ ነው። በሌንስ የጠበበ ጨረር ወገቡ እንደ ተርብ ቀጭን ሲሆን፣ ከወገቡ በላይና በታች ግን ይሰፋል። በተለመደው አጭር ሌንስ የቀጭኑ ወገብ ርዝመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዕቃው ስስ ከሆነ ሁለንተናው በወገቡ ውስጥ ያልፋል። 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን አብዛኛው ክፍል የሚነካው በሰፊውና በደከመው ጨረር በመሆኑ ጠርዙ ያጋድላል። ረጅም ሌንስ ቢገጠም ወገቡ ይረዝማል፣ ነገር ግን ይወፍራል።

ሁለተኛው ምክንያት የፎሙ ጠባይ ነው። የቴሌቪዥን ማሸጊያ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ነጩ ፎም ፖሊስታይሪን ይባላል። ከይዘቱ 98 በመቶ ያህሉ አየር ነው። ፕላስቲኩ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ስለሚለሰልስ፣ ከጨረሩ ሙቀት እየሸሸ ይቀልጣል። በስንጥቁ ውስጥ የሚጠራቀመው ትነት ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። ስለዚህ ሌዘር ፎም በሚቆርጥበት ጊዜ ሠራተኛው ከመኪናው አጠገብ ለአንድ አፍታም መለየት የለበትም።

የጋለ ሽቦ ዘዴ

ለወፍራም ፎም ተስማሚው መሣሪያ ርካሹ ነው። ይኸውም ከኒኬልና ከክሮሚየም ቅይጥ የተሠራ ቀጭን ሽቦ በሁለት ጫፍ ተወጥሮ፣ በኤሌክትሪክ ሲግል ፎሙን እንደ ቅቤ የሚቆርጥ ነው። ሽቦው ቀጥ ብሎ የተወጠረ በመሆኑ ፎሙ 5 ሳንቲ ሜትርም ሆነ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የላዩና የታቹ ጠርዝ እኩል ይወጣል። ኃይሉን ማግኘት ያለበት ቮልቴጁን በሚቀንስ ትራንስፎርመር በኩል እንጂ ከግድግዳው 220 ቮልት በቀጥታ አይደለም። በቀጥታ ማገናኘት ሰው ይገድላል። ከዚህ ዘዴም ቢሆን ጭስ ስለሚወጣ ሥራው ነፋስ በሚገባበት ቤት መከናወን ይኖርበታል።

ሽቦው አንድ ድክመት አለው። «ማ»፣ «ው» እና «ዐ» የመሳሰሉት ፊደላት ውስጣቸው ክፍት ቀለበት ነው። ሌዘር ከመካከል መጀመር ሲችል፣ ሽቦው ግን ወይ በትንሽ ቀዳዳ ተሹልኮ መግባት፣ ወይም ፊደሉን በቀጭኑ ሰንጥቆ አልፎ ስንጥቁ በኋላ መለጠፍ አለበት። ጥሩ ሠሪ ስንጥቁን በማይታይ ቦታ ያደርገዋል።

በዕለቱም ወጣቱ ሠራተኛ መፍትሔ ያደረገው ሁለቱን መሣሪያዎች ማስተባበር ነበር። በሌዘሩ የፊደሉን ንድፍ ከ3 ሚሊ ሜትር ስስ ጣውላ ሁለት ሁለት አድርጎ ቆረጠ። ንድፎቹን በፎሙ ፊትና ጀርባ ትይዩ አድርጎ ከሰካ በኋላ የጋለውን ሽቦ በጣውላው ጠርዝ ዙሪያ አዞረው። ፊደሉ ያለ ጭረት ወጣ። ማረሻ ያርሳል፣ ማጭድ ያጭዳል። አንዱን በሌላው ቦታ ማሠራት ድካም ብቻ ነው።

ሊቆረጥ የማይገባው ፎም

ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቁለት የሚገባ አንድ ዓይነት ሰሌዳ አለ። ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ የሚሠራው ጠንካራና ለስላሳ የፎም ሰሌዳ ለታፔላ የተመቸ ቢሆንም፣ በሌዘር ፈጽሞ መቆረጥ የለበትም። ከፒቪሲ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክሎሪን ነው። በጨረሩ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። አሲዱም የሠራተኛውን ሳንባ ይጎዳል፣ የመኪናውን ብረት ያዝጋል። ይህን ሰሌዳ በመጋዝ ወይም በሚሽከረከር መቁረጫ መሥራት ይቻላል።

ዓይነቱን ለመለየት ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ፈተና አለ። የመዳብ ሽቦ በእሳት ላይ እስኪቀላ ይግላል፣ ፕላስቲኩን ይነካል፣ ከዚያም ወደ ነበልባሉ ይመለሳል። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት ማለት ነው። ፈተናው ከቤት ውጭ፣ ከጭሱ ርቆ፣ በትንሽ ቁራጭ ብቻ የሚደረግ ነው።

ነፋሱና ፀሐዩ

የአዳማ ነፋስ ብርቱ መሆኑን ለማወቅ ከከተማዋ አጠገብ በኮረብታዎቹ ላይ የተተከሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች መመልከት ይበቃል። የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ናቸው። ቀላል የፎም ፊደል በእንዲህ ያለ ነፋስ ፊት በማጣበቂያ ብቻ አይቆምም። ከጀርባው በጣውላ ወይም በቆርቆሮ ላይ መደገፍ ይኖርበታል። ፀሐይም ያልተቀባውን ነጭ ፎም ቢጫ አድርጋ ዱቄት ታስመስለዋለች።

በቀለሙና በማጣበቂያው ረገድም ስሕተት ይፈጸማል። በቲነር የሚቀጠን ቀለም፣ ብዙዎቹ የስፕሬይ ቀለሞችና ማስቲሽ ነጩን ፎም ያሟሙታል። በውኃ የሚቀጠን ቀለምና በውኃ የሚሟሟ ኮላ ግን አይጎዱትም። ከመንገድ ዳር ዝናብና ፀሐይ ለሚመታው ሰሌዳ ከፎም ይልቅ በደንብ የተቀባ ቆርቆሮ ዕድሜው ይበልጣል። ፎም የሚሻለው ለአዳራሽ ውስጥ፣ ለበረንዳ፣ ለባዛርና ለበዓል ነው።

ፊደሉ ይነበብ

በሰሌዳ ሠሪዎች ዘንድ በተለመደው ስሌት 2.5 ሳንቲ ሜትር የፊደል ቁመት ከ3 ሜትር ርቀት በደንብ ይነበባል። ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ለ36 ሜትር ያህል ይበቃል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የጭነት መኪና ይህን ርቀት በ2 ሴኮንድ ገደማ ያልፈዋል። ሽንኩርት ገዢው ነጋዴ መጋዘኑን እንዲያገኘው ከተፈለገ ውፍረት ሳይሆን ቁመትና አጭር ጽሑፍ ነው የሚረዳው።

አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ የሚጻፍ በመሆኑ አናባቢዎቹ በጥንቃቄ መቆጠር አለባቸው። «መሬት» የሚለውና «ለስላሳ» የሚለው ቃል በቁቤ ሲጻፉ የሚለያዩት አናባቢዎቻቸው አንድ አንድ ወይም ሁለት ሁለት በመሆናቸው ብቻ ነው። አንድ ፊደል የጎደለበት ሰሌዳ ሲያዩት የሚያሳፍር፣ ለማረምም እንደገና የሚያስከፍል ነው። ከመቆረጡ በፊት ጽሑፉን ቋንቋውን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው አንብቦ ይፈርምበት።

መሪዎች ምን ይጠይቁ?

1ኛ. ፎሙ ፖሊስታይሪን ነው ወይስ ፒቪሲ? መልሱ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

2ኛ. ውፍረቱ ስንት ነው? ወፍራም ከሆነ በጋለ ሽቦ፣ ወይም በሌዘር በስሱ ተቆርጦ በመደራረብ ይሠራ።

3ኛ. ከሙሉው ሥራ በፊት አንድ ፊደል ለናሙና ተቆርጦ ይታይ። ቀሪው ክፍያ ናሙናው ከጸደቀ በኋላ ይሁን።

4ኛ. ቀለሙና ማጣበቂያው በውኃ የሚሠሩ ናቸው?

5ኛ. ቁርጥራጩ የት ይጣላል? ነፋስ የበተነው ፎም በመስኖ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ከብትም ከሣር ጋር ቢውጠው በሆዱ ተጠራቅሞ ይጎዳዋል። በከረጢት ይሰብሰብ እንጂ በሜዳ አይቃጠል።

በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባዔው ነው። የታፔላ ወጪ ትንሽ ቢመስልም የሚወጣው ከአባላቱ ላብ በመሆኑ፣ ናሙናውንና ዋጋውን ለጉባዔው ማሳየት መሪውን ከሐሜት ያድነዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ይቅደም።

የመቂዎቹ ሊቀመንበር ሥራው ሲያልቅ የፎሙን ፊደላት ብቻ ይዘው አልሄዱም። ወጣቱን «እነዚህን የጣውላ ንድፎች ምን ታደርጋቸዋለህ?» ሲሉ ጠየቁት። እንደሚጣሉ ሲነግራቸው በገመድ አሳስረው በጋሪ አስጫኗቸው። «ፊደሉ ቢሰበር መልሰን እናስቆርጥበታለን፤ ሁለተኛው መጋዘን ሲሠራም ንድፍ አንገዛም» አሉ። ገንዘብ ያዡም በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ንድፎቹን ከማኅበሩ ንብረት ዝርዝር ውስጥ አስገቧቸው።