ከወደቁ በኋላ ያሉት ሰከንዶች

ልጅዎ በውድድር ተሸንፎ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቁት ምንድን ነው? እኔ ልጄ አራተኛ ወጥታ ስትመጣ «ማን ቀደመሽ?» ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት የስፖርት ጫማዋን አላነሳችም።

መስከረም 22 ቀን 2015 ዓ.ም. በለንደን ማራቶን ያለምዘርፍ የኋላውን ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ የመንገድ ጉብታ አደናቅፎ ጣላት። ወዲያው ተነሳች፤ መሪዎቹ ላይ ደረሰች፤ በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ26 ሰከንድም አሸነፈች። ገና 23 ዓመቷ ነበር። ይህን ያደረገው እግሯ ብቻ አይደለም።

የአእምሮ ጥንካሬ እንደ ሩጫው ሁሉ ልምምድ ይፈልጋል። እርስዎም ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ዳር ላይ፣ ጣናን ይዞ በሚሄደው መንገድ፣ ከልጅዎ ጋር ሊጀምሩት ይችላሉ።

መጀመሪያ ትንፋሽ፦ ከመሮጡ በፊት ሐይቁን እያየ አየር በአፍንጫው በዝግታ ያስገባ፤ ይበልጥ በዝግታ ያስወጣ። ልቡ ይረጋጋል።

ቀጥሎ ምናብ፦ ዓይኑን ጨፍኖ ውድድሩን በሐሳቡ ይሩጠው። ሲያሸንፍ ብቻ ሳይሆን ሲወድቅና ሲነሳም ራሱን ይመልከት። ያኔ መውደቅ ድንገተኛ አይሆንበትም።

በመጨረሻም አንድ ቃል፦ ሲደክመው ለራሱ የሚለውን አጭር ቃል ራሱ ይምረጥ። የልጄ ቃል «ገና ነኝ» የሚል ነው።

አሁን ከውድድር ስትመለስ ማን እንደቀደማት አልጠይቅም። «ሲከብድሽ ለራስሽ ምን አልሽው?» እላታለሁ። ጫማዋ በር ላይ ነው፤ ቅዳሜን ይጠብቃል።