ሙሽራዋ የደንብ ልብስ ለብሳለች

ቅዳሜ ማታ በእኛ ቤት ፊልም የሚታይበት ማታ ነው። መራጩ በየተራ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ ተራው የ15 ዓመቷ ልጄ ነበር። የእሷ ተራ ሲሆን ምን እንደሚመጣ አስቀድመን እናውቃለን፤ የኮሪያ ፊልም ነው። እናቴ እንኳ ለምዳዋለች። ልጄ ከግርጌ የሚወጣውን ጽሑፍ እያነበበች በአማርኛ ታቀብላታለች፣ እናቴም እኛ ስቀን ከጨረስን በኋላ ለብቻዋ ትስቃለች።

በዚያ ማታ የመጣው ቆየት ያለ ነው። «ማይ ሊትል ብራይድ» ይባላል፤ «ትንሿ ሙሽራዬ» እንደማለት። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን ዳይሬክተሩ ኪም ሆ ጁን ነው። ርዕሱን ስሰማ ፊቴ ሳይለወጥ አልቀረም መሰለኝ፣ ልጄ ቶሎ ብላ «ማሚ፣ ኮሜዲ ነው እኮ!» አለችኝ።

ኮሜዲ ነው። ያውም ጥሩ ኮሜዲ። የእኔም ችግር የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቦ ኡን የ16 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ሳንግ ሚን የ24 ዓመት ወጣት ሲሆን በዩኒቨርሲቲ ሥዕል ያጠናል። ቤተሰቦቻቸው ወዳጆች ስለሆኑ እንደ እህትና ወንድም እየተነካኮሱ ነው ያደጉት። የቦ ኡን አያት ግን ከወዳጃቸው፣ ከሳንግ ሚን አያት ጋር የተገባቡት የቆየ ቃል አለ፤ በልጆቻችን እንዛመዳለን የሚል። አያትየው ሕመማቸውን ያነሣሉ፣ «ከመሞቴ በፊት» ይላሉ፣ ቤተሰቡ ይጨነቃል፣ ልጅቷ እንቢ ብትልም የሚሰማት የለም፣ ሠርጉ ይሠረጋል። ሙሽራዋ ለጫጉላ ሽርሽር ከሚሄዱበት አውሮፕላን ማረፊያ ትሾልክና ባል ብቻውን ወደ ጄጁ ደሴት ይበርራል። እሷ ልቧ ያለው ከትምህርት ቤቷ ቤዝቦል ተጫዋች ዘንድ ነው። ማግባቷን ትምህርት ቤት ውስጥ ማንም እንዲያውቅ አትፈልግም። በዚህ መሃል ሳንግ ሚን የማስተማር ልምምድ እንዲያደርግ የሚመደበው የት ይመስላችኋል? እሷው ክፍል።

ስቄያለሁ፤ አልዋሽም። ቦ ኡንን ሆና የምትሠራው ሙን ጉን ዮንግ ፊልሙ ሲወጣ ራሷም ገና 16 ዓመቷ ነበር። በልጅነቷ «ኦተም ኢን ማይ ሃርት» በተባለው ተከታታይ ድራማ ተመልካች አስለቅሳ የታወቀች ናት። እዚህ ደግሞ ስትኮሳተር፣ ስታኮርፍ፣ ስትዋሽ ተይዛ ዓይኗን ስታንከራትት፣ ትወና መሆኑን ያስረሳል። ማይክ ይዛ ፍቅርን ገና አላውቅም የሚል የድሮ ዘፈን የምትዘፍንበት ቦታ አለ፤ ፊልሙ ከታየ በኋላ ኮሪያውያን «የሀገር ታናሽ እህት» እያሉ የጠሯት ለምን እንደሆነ እዚያ ላይ ይገባል። ባል የሆነው ኪም ሬ ወንም ቢሆን አያንስም። ሲያሾፍ ያናድዳል፣ ሲያዝን ግን አንጀት ይበላል። ከ3 ሚሊዮን በላይ ኮሪያዊ ሲኒማ ገብቶ ያየው ያለ ምክንያት አይደለም።

ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ ግን የእናቴን ጥያቄ መቁጠር ጀመርኩ። ቦ ኡን በደንብ ልብሷ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ከጓደኞቿ ጋር በታየች ቁጥር እናቴ ልጄን በክርኗ ነካ እያደረገች ትጠይቃታለች።

«አሁንም ትማራለች?»

«አዎ እማማ፣ ትማራለች።»

ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «ባሏ አላስተዋትም?»

«አላስተዋትም። ዝም ብለሽ እዪ።»

ልጄ መሰላቸቷ ነበር። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያየሁት ፊልሙን ብቻ አልነበረም።

እናቴ የተዳረችው በ13 ዓመቷ ነው፤ ምሥራቅ ጎጃም። የእሷ አባትና የአባቴ አባት አንድ ማኅበር የሚጠጡ ሰዎች ነበሩ። ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው ይሁን አስበውበት አይታወቅም፣ ብቻ በልጆቻችን እንዛመድ ተባባሉ። እናቴ አራተኛ ክፍል ነበረች። ደብተሯን ታናሽ እህቷ ወረሰችው። የመጀመሪያ ልጇን ስታቅፍ ዕድሜዋ ዛሬ አጠገቧ ተቀምጣ የኮሪያ ፊልም ከምትተረጉምላት የልጅ ልጇ እኩል ነበር። ይህንን ታሪክ አሳዛኝ አድርጋ አታወራውም፤ እንዲያውም በቅሎዋ ሙሽራዋን ጥላት እንዴት እንደሮጠች ስትነግረን እስከዛሬ ያስቃታል። አባቴም ክፉ ሰው አልነበረም፤ እጁን አንሥቶባት አያውቅም። ግን ያቺ አራተኛ ክፍል ከአፏ ጠፍታ አታውቅም። ፊደል የቆጠረ ሰው ስታይ «እኔም አራተኛ ደርሼ ነበር» ትላለች።

ስለዚህ የሁለቱ አያቶች ቃል ኪዳን ለኮሪያውያኑ የቀልድ መነሻ ሲሆን ለእኛ ቤት የቤተሰብ ታሪክ ነው። ፊልሙን በዚህ ዓይን ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። ጋብቻ ከልጅ የሚወስደውን ነገር ሁሉ ደራሲዎቹ አንድ በአንድ ለቅመው አውጥተውታል። ቦ ኡን ከትምህርቷ አትቀርም። አታረግዝም። የቤት ሥራው ጫንቃዋ ላይ አይወድቅም። ጓደኞቿን አታጣም። ባሏ አልጋ ላይ አይነካትም፤ ፊልሙ በዚህ ጉዳይ በጣም ጠንቃቃ ነው። ይህ ሁሉ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ምንድን ነው? ከምታውቀው፣ ከሚያበሽቃትና ከሚሳሳላት ጎረምሳ ጋር አንድ ቤት ውስጥ መኖር። እውነቱን ለመናገር ያለዕድሜ ጋብቻን የሚያሳይ ፊልም አይደለም፤ የመጀመሪያ ፍቅርን የሚያሳይ ሆኖ «ጋብቻ» የሚል ስም የተለጠፈበት ነው። ለዚህ ነው የሚጣፍጠው። ስሙ ግን አብሮት ይዋጣል።

ፊልም ሠሪዎቹ ሕግ ጥሰዋል ማለቴ አይደለም። በዚያን ጊዜ የኮሪያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ 16 ዓመት ከሞላት በወላጆቿ ስምምነት እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ ለወንዱ ግን 18 ነበር። ለሁለቱም 18 የሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ በወጣ ማሻሻያ ነው፤ ፊልሙ ከታየ ከሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። የቦ ኡን 16 ዓመት እንግዲህ በአጋጣሚ የመጣ ቁጥር አይመስለኝም፤ ሕጉ የሚፈቅደው የመጨረሻው ጠርዝ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ2002 ሆንግ ኮንግ ውስጥ የተሠራ፣ ታሪኩ በጣም የሚመሳሰል ፊልም አለ፤ እዚያም ቤተሰብ ያጋባቸዋል፣ እዚያም ባል መምህር ሆኖ ትምህርት ቤቷ ይመጣል። የዚያኛው ርዕስ ግን «ማይ ዋይፍ ኢዝ 18» ነው። ሙሽራዋ ኮሪያ ስትደርስ ሁለት ዓመት አነሰች።

እኛም ብንሆን የምንመጻደቅበት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ይል ነበር። እናቴ በዚያ ሕግ እንኳ ሁለት ዓመት ይጎድላት ነበር፤ ሕጉ ግን መንደሩ አልደረሰም። ሁለቱንም 18 ያደረገው አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። እሱም ቢሆን በከባድ ምክንያት እስከ ሁለት ዓመት ድረስ በልዩ ፈቃድ ሊቀነስ የሚችልበትን በር ትቷል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ያለዕድሜ ጋብቻን የሚያስቀጣ አድርጎታል። ወረቀቱ አለ። የአያቶች ቃል ግን ወረቀት አያነብም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ያናደደኝን ላንሣ፤ እሱ ከዕድሜው ቁጥርም የባሰ ነው። በትምህርት ቤቱ ሳንግ ሚንን የምትፈልግ ኪም የምትባል መምህርት አለች። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ ሥራ ያላት፣ የምትፈልገውን የምታውቅ ሴት ናት። ፊልሙ ምን ያደርጋታል? መሳቂያ። ስትኳኳል እንስቃለን፣ ስትቀርበው እንስቃለን። ሙሉ ሴት ወንድ ስትፈልግ ቀልድ፣ ልጅ ለወንድ ስትሰጥ የፍቅር ታሪክ! ይህ ሚዛን ኮሪያ ብቻ ያለ እንዳልሆነ ሠርግ ቤት ተቀምጦ «ቆማ ቀርታ» የሚል ሐሜት የሰማ ሁሉ ያውቃል።

መጨረሻው የሚጠበቀው ነው። በትምህርት ቤቱ በዓል የቦ ኡን ድርሻ የሆነውን ሥዕል ሳንግ ሚን ሌሊቱን ሲለፋ አድሮ ይጨርስላታል። እሷም ቤዝቦል ተጫዋቹን ትታ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት ባሏን እንደምትወድ ትናገራለች። ልጄ አለቀሰች። እኔም ዓይኔ ረጠበ፤ ተዋናይዋ እንዲህ ናት። እንባዬን ጠርጌ ሳስበው ግን የሽማግሌው ግፊት ትክክል ሆኖ የወጣው በዚያች ደቂቃ ነው። ወደደችው አይደል? ታዲያ ምን ተበደለች? ፈቃዷ ከሠርጉ በኋላ መጥቶ ሠርጉን ያጸድቃል። ባልየው ሰካራም ቢሆን፣ ወይም ጨዋም ሆኖ ሳትወደው ብትቀር፣ አያትየው ያደረጉት ያው አንድ ነገር ነበር።

ይህንኑ ለልጄ ነገርኳት። አልተቀበለችኝም። «ማሚ፣ ማንም አይቶ ላግባ አይልም። የምናየው እሱ ስለሚታገሣት ነው» አለች። ትክክል ናት። የዚህ ዓይነት ፊልም ለእሷና ለጓደኞቿ የሚሰጣቸው ነገር አለ፤ የማይቸኩል ወንድ፣ የማያስገድድ ወንድ፣ እየተናደደም የሚጠብቅ ወንድ። እሱን ከየት እንዲያዩት እፈልጋለሁ? «ግን ያንን ወንድ ለማሳየት ልጅቷን መዳር ነበረባቸው?» ስላት ትንሽ ዝም አለችና፣ «ባይጋቡም ያስቅ ነበር» አለች። ከዚያ አልፋ «በመጀመሪያ እንቢ ስትል ሁሉም ሰው የሚስቅባት ቦታ ግን አይመችም» ብላ ጨመረች። እኔ ያንን ቦታ ስቄ ነበር ያለፍኩት።

ጓደኞቿን ጠርታ ልታሳያቸው እንደምትችል ጠየቀችኝ፤ ፈቀድኩላት። ከልክዬ በየስልካቸው ተደብቀው ከሚያዩት ሳሎን ውስጥ ቢያዩት ይሻለኛል፤ ደግሞም ጥሩ ፊልም ነው። የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴም አብራቸው እንድትቀመጥ። የበቅሎዋን ታሪክ ካነሣች እንዳያቋርጧት ነገርኩ።

እናቴ እስከዚያ ድረስ ክርክራችንን አልሰማችም፤ የተዋናዮቹ ስም እየተንሸራተተ የሚያልፍበትን ቴሌቪዥን ታያለች።

«አለቀ?» አለች።

«አለቀ እማማ» አለቻት ልጄ።

«ክፍል ሁለት የለውም?»

«የለውም። ምን ልታዪ ፈልገሽ ነው?»

«ስትወልድ ልጁን ማን እንደሚይዝላትና እንደምትማር ልይ ብዬ ነው» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።