ባለ አበባ ሐረግ ለደጃፍ ጌጥ

ቤትን ቤት የሚያሰኘው የውስጡ ንጽሕና ብቻ አይደለም። ከሥራ ደክሞ የሚመለስ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ደጃፉን ነው። ሰፊ የአትክልት ቦታ ለሌለው የከተማ ቤተሰብ፣ በአንድ ክንድ መሬት ላይ ተተክሎ ወደ ላይ የሚሳብ ባለ አበባ ሐረግ ወጪው ትንሽ፣ ደስታው ብዙ ነው። ሆኖም ያለ ጥንቃቄ የተተከለ ሐረግ ጌጥነቱ ቀርቶ ለቤቱ ጠንቅ ሊሆን ይችላል።

ይህ በተለይ የሚያሰጋው በእንጨትና በጭቃ የተሠራን ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ቅጠል ፀሐይና ነፋስ ስለሚከለክል በክረምት የራሰው ጭቃ ቶሎ አይደርቅም። እርጥበቱ ሲሰነብት ምርጊቱ ይፈረፈራል፤ ውስጡ ያለው እንጨትም ይበሰብሳል። መፍትሔው ግን ሐረጉን መተው ሳይሆን ከግድግዳው ማራቅ ነው።

ጉድጓዱ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ ይቆፈር። ጥልቀቱና ስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። አፈሩ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተደባልቆ ይመለስ። ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ቋሚ እንጨት ተክሎ ሽቦ መወጠር ነው። በሽቦውና በግድግዳው መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍተት ይተው። ቅርንጫፉ ወደ አሸንዳ፣ ወደ ቆርቆሮው ሥር ወይም ወደ መብራት መስመር እንዳይደርስ በየጊዜው መከርከም ያስፈልጋል።

ምን ይተከል? ፀሐይ ለሚበዛበት ደጃፍ ቡገንቪሊያ ይስማማል። ቀይ፣ ሐምራዊ ወይም ነጭ ሆኖ የሚታየው አበባው ሳይሆን ቅጠሉ ነው፤ እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለው ትንሹ ነው። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው መርከበኛ ከሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል ነው። ጉዞው እ.ኤ.አ. በ1767 ብራዚል ሲደርስ ተክሉን የሰበሰበው ኮሜርሶን የተባለ የዕፅዋት ሊቅ ነበር። ረዳቱ ዣን ባሬ ሴት ነበረች። በዚያን ዘመን ሴት በፈረንሳይ የጦር መርከብ እንድትሳፈር ስለማይፈቀድ የወንድ ልብስ ለብሳ ተጓዘች፤ ዓለምን በመዞርም የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ እንደሆነች ይታወቃል።

መዓዛ ለሚወድ ደግሞ በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ጫካ የሚበቅለው ጠምበለል አለ። ነጭ አበባው ሽታው ልብ ይማርካል፤ እሾህም የለውም።

ሁለቱም ከቁርጥራጭ ይራባሉ። እንደ እርሳስ የወፈረና አንድ ስንዝር የሚሆን ቅርንጫፍ ቆርጦ በሰኔ፣ ዝናቡ ሲጀምር መትከል ነው። ቡገንቪሊያ ውኃ ሲበዛበት ቅጠሉን ያበዛል እንጂ አበባ አይሰጥም፤ ሥር ከሰደደ በኋላ በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይበቃዋል። አትክልት የታጠበበት ውኃ ለዚህ ያገለግላል፤ የሳሙና እጣቢ ግን አይደፋበት።

ልጆች ላሉባቸው እናቶች ሁለት ማሳሰቢያ አለን። የቡገንቪሊያ እሾህ ዓይን ስለሚጎዳ በልጅ ቁመት ልክ ያለው ቅርንጫፍ ይቆረጥ። እንዲሁም የቅጠሉ ጫፍ እየተጠቀለለ የሚወጣው፣ አበባው እንደ እሳት ነበልባል ቀይና ቢጫ የሆነው ሐረግ፣ በተለይ ሥሩ ብርቱ መርዝ ስላለው ልጅ በሚጫወትበት ግቢ ፈጽሞ አይተከል። ስሙን የማያውቁትን ተክል ከመትከል በፊት የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛን መጠየቅ ይበጃል።