ሰማያዊው ለምን ቀድሞ ያረጃል? ስለ ኦርጋኒክ ብርሃን አመንጪ ስክሪኖች ቅልጥፍናና ዕድሜ



ንግግሬን በእጄ በያዝሁት በዚህ አሮጌ ስልክ ልጀምር። ለስድስት ዓመታት ተጠቅሜበታለሁ። ነጭ ገጽ ስከፍትበት፣ የሰዓቱና የባትሪው ምልክት ይቀመጡበት በነበረው የላይኛው ጠርዝ ላይ ደብዛዛ ጥላ ይታያል። የፊደል ገበታው ይወጣበት የነበረው የታችኛው ክፍል ደግሞ ወደ ቢጫነት አዘንብሏል። ልብ በሉ፤ በስክሪኑ ላይ ቢጫ አልተጨመረም፤ ሰማያዊው ቀነሰ እንጂ። ነጭ ብርሃን ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ነጥቦች ድምር የሚገኝ በመሆኑ፣ ሰማያዊው ሲደክም የቀሩት ሁለቱ ተዳምረው ቢጫ ይሆናሉ።

በአገራችን ስልክ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፋል፤ ወይም ተሸጦ ሁለተኛና ሦስተኛ ባለቤት ያገኛል። ስለዚህ የስክሪን ዕድሜ የአምራቹ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ቅልጥፍናና ዕድሜ ተለያይተው የሚፈቱ ሁለት ችግሮች አይደሉም። ሁለቱም በአንድ ጥያቄ ይገናኛሉ፤ ኃይል የተሸከመ ሞለኪውል ያን ኃይል በብርሃን መልክ እስኪሰጥ ድረስ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?

አሠራሩን ባጭሩ እንመልከት። በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል፣ ጠቅላላ ውፍረታቸው ጥቂት መቶ ናኖሜትር የሆነ የኦርጋኒክ ቁስ ንጣፎች ይደረደራሉ። ከአንዱ ወገን ኤሌክትሮን፣ ከሌላው ወገን ሆል የምንለው አዎንታዊ ክፍተት ይገባል። ሁለቱ በመካከለኛው ንጣፍ ሲገናኙ አንድ ሞለኪውል ይነቃቃል፤ ይህን የተነቃቃ ሁኔታ ኤክሲቶን እንለዋለን። ሞለኪውሉ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ሲመለስ ብርሃን ይለቃል። ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ በኢስትማን ኮዳክ ኩባንያ ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ከ10 ቮልት በታች የሚሠራ ባለ ሁለት ንጣፍ ዳዮድ ይፋ ያደረጉት በዚሁ መርህ ነው። የዚያ ዳዮድ ቅልጥፍና ግን 1 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

ለዝቅተኛነቱ አንዱ ምክንያት የኳንተም ሕግ ነው። ከሚፈጠሩት አራት ኤክሲቶኖች አንዱ ብቻ ሲንግሌት ሲሆን ሦስቱ ትሪፕሌት ናቸው። በተለመደው ፍሎረሰንት ሞለኪውል ብርሃን የሚሰጠው ሲንግሌቱ ነው፤ የሦስቱ ኃይል በአብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 ማርክ ባልዶ፣ ስቲቨን ፎረስት፣ ማርክ ቶምፕሰንና ባልደረቦቻቸው ፕላቲነም ያለበት ሞለኪውል በመጠቀም ከትሪፕሌቶቹም ብርሃን ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ። ቀጥሎ የኢሪዲየም ውህዶች መጡ። ከባዱ የብረት አተም የስፒንን ክልከላ ስለሚያላላ፣ በንጣፉ ውስጥ ከሚፈጠሩት ኤክሲቶኖች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ብርሃን መለወጥ ተቻለ።

ይሁን እንጂ የዚህ ትርፍ ዋጋ የሚከፈለው በጊዜ ነው። ሲንግሌት በጥቂት ናኖሰከንድ ውስጥ ብርሃኑን ይሰጣል። በኢሪዲየም ውህድ ውስጥ ያለ ትሪፕሌት ግን አንድ ማይክሮሰከንድ ገደማ፣ ማለትም በመቶዎች የሚቆጠር እጥፍ ይቆያል። በቆየ ቁጥር ከሌላ ኤክሲቶን ወይም ኤሌክትሪክ ከተሸከመ ሞለኪውል ጋር የመገናኘት ዕድሉ ይጨምራል፤ ሲገናኙም የአንዱ ኃይል በሌላው ላይ ይደመራል።

ስሌቱን አብረን እንሥራ። የቀይ ኤክሲቶን ኃይል 2 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፤ የሰማያዊው 2.7 ገደማ። ሁለት ቀያዮች ሲደመሩ 4፣ ሁለት ሰማያዊዎች ሲደመሩ 5.4 ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናሉ። በእነዚህ ሞለኪውሎች ውስጥ ካርቦንን ከካርቦን ወይም ከናይትሮጅን ጋር የሚያገናኙ ደካማ ትስስሮች ደግሞ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኤሌክትሮን ቮልት ባለ ኃይል ይበጠሳሉ። የቀዩ ድምር ጠርዙ ላይ ይቆማል፤ የሰማያዊው ድምር ግን ጠርዙን አልፎ ይሄዳል። የተበጠሰው ሞለኪውል ብርሃን መስጠት ማቆሙ ብቻ አይደለም፤ ስብርባሪው የጎረቤቶቹን ኃይል እየወሰደ ያባክናል። ዛሬም በብዙ ስልኮች ቀዩና አረንጓዴው ፎስፎረሰንት ሆነው ሳለ ሰማያዊው ፍሎረሰንት ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ አምራቾች የመረጡት ዕድሜን ነው፤ የከፈሉትም ቅልጥፍናን።

ታዲያ ምን ተደረገ? የተሄደባቸውን አራት መንገዶች ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ግንኙነቱን ማሳሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የፎረስት ቡድን፣ የብርሃን አመንጪውን ሞለኪውል ክምችት በንጣፉ ውፍረት ላይ ደረጃ በደረጃ በመለዋወጥ ኤክሲቶኖቹ በአንድ ጠባብ ስፍራ እንዳይጨናነቁ አደረገ። የሰማያዊው ፎስፎረሰንት ዳዮድ ዕድሜ በአሥር እጥፍ ጨመረ።

ሁለተኛው ትስስሩን ማጠንከር ነው። በተመረጡ ቦታዎች ሃይድሮጅን በዲውቴሪየም ይተካል። ዲውቴሪየም ከሃይድሮጅን በእጥፍ ስለሚከብድ ንዝረቱ ዝግ ያለ ነው፤ ከካርቦን ጋር ያለው ትስስርም ለመበጠስ ይበልጥ ያስቸግራል። ኤልጂ ዲስፕሌይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ይፋ ባደረገው የቴሌቪዥን ስክሪን ይህንን ዘዴ ተጠቅሞ፣ ብሩህነቱን እስከ 30 ከመቶ ማሳደጉን አስታውቋል።

ሦስተኛው በጃፓን የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ የቺሃያ አዳቺ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳየው ነው። በሲንግሌቱና በትሪፕሌቱ መካከል ያለው የኃይል ልዩነት እጅግ ጠባብ የሆነበት ሞለኪውል ከተሠራ፣ የክፍሉ ሙቀት ብቻ ትሪፕሌቱን ወደ ሲንግሌት ይመልሰዋል፤ ውድ ብረትም አያስፈልግም። ሆኖም መመለሱ ራሱ ማይክሮሰከንዶች ስለሚፈጅ የጊዜው ጥያቄ እንደገና ይነሳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የተሰበሰበውን ኃይል ፈጥኖ ለሚያበራ ፍሎረሰንት ሞለኪውል ማስረከብን ጨመሩበት።

አራተኛው ጫናውን ማካፈል ነው። ሁለት ብርሃን አመንጪ ክፍሎች ቢደራረቡ፣ ለዚያው ብሩህነት የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ፍሰት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ቮልቴጁ ግን ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አይፓድ ፕሮ ይህን አሠራር ይጠቀማል። በልጅነቴ ያጠናሁበት ኩራዝም ይህንኑ ያስተምር ነበር፤ ክሩ ከፍ ሲል ብርሃኑ ይደምቃል፣ ክሩ ግን ቶሎ ያልቃል። ሁለት ኩራዝ ዝቅ አድርጎ ማብራት ክሩን ያቆየዋል።

ተማሪዎቼ፤ በዶክትሬት ጥናቴ ዘመን በላቦራቶሪያችን ከተሠሩት ሁሉ የደመቀውን ሰማያዊ ናሙና የሠራሁት እኔ ነበርሁ። ማታ ለክቼ ቁጥሩን በደስታ ለአማካሪዬ ላክሁ። ፍሰቱን ሳላቋርጥ ትቼው ሄጄ ነበርና፣ ጠዋት ስመለስ ናሙናው ጨልሞ አገኘሁት። አማካሪዬ የጠየቁኝ፣ “ስንት ሰዓት ቆየ?” ብለው ብቻ ነበር። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ የጥናት ጽሑፍ ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ቅልጥፍናው የተለካው በስንት ብሩህነት ላይ ነው? ከዚያ ብሩህነት ወደ 95 ከመቶው ለመውረድ ስንት ሰዓት ፈጀ? ሰማያዊውስ ለስክሪን የሚበቃ ጥልቅ ሰማያዊ ነው ወይስ ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ውጤቱ ገና አልተሟላም።

ይህ የሩቅ አገር ሳይንስ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር ለፀሐይ ኃይል በሚውሉ ኮንጁጌትድ ፖሊመሮች ላይ ለዓመታት ተሠርቷል። እዚያ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ እዚህ ኤሌክትሪክ ወደ ብርሃን። የሞለኪውሉ ጥያቄ ግን ተመሳሳይ ነው፤ የተነቃቃው ሁኔታ ምን ያህል ይቆያል፣ ቁሱስ እንዴት ያረጃል? ሥራውን የምትቀጥሉት እናንተ ናችሁ፤ ናሙናችሁ ሲደምቅ ደስ ይበላችሁ፣ ነገር ግን በማግሥቱ ጠዋት ደግማችሁ ለኩት።