በሕንፃ ሥራ የሠራተኛ አስተዳደር ሙያና ሴቶች

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ሕንፃ ለማሠራት የሚነሣ ነጋዴ ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ ብረቱና ስለ አሸዋው አስቀድሞ ያስባል፤ ሠራተኛውን ማን እንደሚቀጥርና የሠራበትን ቀን ማን እንደሚመዘግብ ግን ብዙውን ጊዜ ለካፖው ይተወዋል። ይሁን እንጂ ይህ ሁለተኛው ጉዳይ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ለተማሩ ሴቶችም ከዝቅተኛው ቦታ ተነሥተው እስከ ኃላፊነት የሚደርሱበት መንገድ ሊሆን ይችላል።

የሰው ኃይል አስተዳደር የሚለው ስም ሲነገር ብዙ ሰው ደብዳቤ መጻፍና ፋይል መያዝ ብቻ ይመስለዋል። በሕንፃ ሥራ ግን ነገሩ የተለየ ነው። መሠረት ሲቆፈር የጉልበት ሠራተኛ ይበዛል፤ አርማታ ሲሞላ አናጢና ፌሮ ሠራተኛ ይፈለጋል፤ ግድግዳው ሲነሣ ግንበኛ ይገባል፤ ለልስኑና ለቀለሙ ጥቂት ሰዎች ይቀራሉ። ስለዚህ የሠራተኛው መዝገብ በየጊዜው ይለዋወጣል። መዝገቡን የሚይዘው ሰው ታይም ኪፐር ይባላል፤ ጧት ስም ይጠራል፣ ማታ ይቆጥራል፣ የክፍያው ቀን ሲደርስ ዝርዝሩን ለገንዘብ ያዡ ያስረክባል። ተራ ነገር የሚመስለው ይኸው መዝገብ የሙያው ሁሉ ሥር ነው።

ቀጣሪውም መዝጋቢውም ካፖው ራሱ በሆነ ጊዜ ሁለት ዓይነት ጉዳት ሊደርስ ይችላል። በአንድ በኩል በሥራው ቦታ ታይቶ የማያውቅ ሰው ስሙ በዝርዝሩ ገብቶ ከነጋዴው ኪስ ይከፈለዋል። በሌላ በኩል በባሬላ ጭቃና ድንጋይ ስታመላልስ የዋለችው የቀን ሠራተኛ አንድ ቀን ቢጎድልባት የምትከራከርበት ወረቀት የላትም፤ ለመናገርም ያው የቀጠራትን ሰው ትፈራለች። ስለዚህ መዝጋቢው ከቀጣሪው የተለየ ሰው መሆን አለበት። ለዚህ ቦታ ሴት ብትመደብ፣ የቀን ሠራተኞቹ ለወንድ አለቃ የማይነግሩትን አቤቱታ ለእርስዋ ሊነግሩ ይችላሉ።

የሙያው መንገድ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰች ወይም በኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ የተማረች ወጣት በጸሐፊነት፣ በገንዘብ ያዥነት ወይም በታይም ኪፐርነት ትገባለች። ቀጥላ የደመወዝ መክፈያውን ታዘጋጃለች፤ በ2014 ዓ.ም. በወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ መሠረት ከአሠሪው 11 ከመቶ፣ ከሠራተኛው 7 ከመቶ መዋጮ ማስላትንም ትማራለች። ከዚያ በኋላ የቅጥር ውልና ስንብት፣ በመጨረሻም ጠቅላላው አስተዳደር በእርስዋ እጅ ይሆናል። በከሚሴ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ዕውቀት ያስፈልጋል፤ ይኸውም ውሉን ለሠራተኛው በኦሮምኛም በአማርኛም አንብቦ ማስረዳት ነው። ይህን ችሎታ የአገሩ ልጅ ከቤቷ ይዛው ትመጣለች።

ሴት ልጅ የግንባታ ሥራ መምራት አትችልም የሚል ሰው ቢኖር፣ የግልገል ጊቤ 3 የኃይል ማመንጫ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ፣ ቆየት ብሎም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩትን ኢንጂነር አዜብ አስናቀን ማስታወስ ይበቃዋል። እርሳቸው የደረሱት በምሕንድስና ነው፤ የሠራተኛ አስተዳደር ግን መሐንዲስ ላልሆነችው የተከፈተ በር ነው።

በሙያው ውስጥ ትልቁ ዕውቀት የሕግ ዕውቀት ነው። ዛሬ የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው ፍሬ ነገሩን በ15 ቀን ውስጥ ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ለግንባታ ሥራ ደግሞ ልዩ ድንጋጌ አለው። ሥራው ደረጃ በደረጃ እየተጠናቀቀ ሲሄድ የሚደርሰውን የተለመደ የሠራተኛ መቀነስ ሕጉ እንደ ሠራተኛ ቅነሳ አይቆጥረውም፤ ነገር ግን ሠራተኛው የተቀጠረበት የሥራ ክፍል ሳያልቅ ቢሰናበት አሠሪው በዚህ ልዩ ድንጋጌ ሊጠቀም አይችልም። እንግዲህ ውሉ «ግንበኛ» ብሎ ብቻ ያለፈ እንደ ሆነ ጭቅጭቁ ከዚያ ይጀምራል፤ «ለምድር ቤቱ ግድግዳ ሥራ» ብሎ የገለጸ እንደ ሆነ ግን ግድግዳው ያለቀበት ቀን ራሱ ይመሰክራል። ይህን አንድ መስመር ጨምራ የምትጽፍ የአስተዳደር ሠራተኛ ለአሠሪዋ የብዙ ወር የፍርድ ቤት ምልልስ ታስቀርለታለች። ሠራተኛው ሲለቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን ልክ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠትም ግዴታ ነው። ግንበኛው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው በዚሁ ወረቀት ስለሆነ፣ በደንብ የሚጽፍለትን ቤት አይረሳም።

ታዲያ በዚህ መንገድ የሠለጠነችው ሴት ራስዋ ስታረግዝ ምን ይሆናል? ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ አሠሪ «ከእንግዲህ ለሳይት አትሆንም» ብሎ ሊያሰናብታት ያስባል። አዋጁ ግን ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣታል፤ በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስም ከሥራ እንዳትሰናበት ይከለክላል። ከሕጉም በቀር የንግድ ሒሳቡ ራሱ አይፈቅድም። የሠራተኛውን ስም ከነሥራ ክፍሉ፣ የውሉን ቀን፣ ያልተከፈለውን ትርፍ ሰዓት የምታውቀው እርስዋ ስለሆነች፣ ብትሄድ መዝገቡ እንደገና ወደ ካፖው እጅ ይመለሳል። ይህን የተረዳ አሠሪ ፈቃዷ ከመድረሱ ሁለትና ሦስት ወር አስቀድሞ ረዳት አጠገቧ ያስቀምጣል፤ መዝገቡንም የአሠሪው ተወካይ ባለበት ቆጥረው በፊርማ ይረካከባሉ፤ ስትመለስም እንዲሁ ቆጥራ ትረከባለች።