ሸክላው የማን ነው? ዘፈኑስ?

እኔ በምኖርበት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የቆራሌው ጥሪ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው፡፡ ከሰፊ ግቢ ወጥቶ ባለአንድ መኝታ ቤት የገባ ቤተሰብ አሮጌ ዕቃ የሚያኖርበት ቦታ የለውም፡፡ የአባት ሸክላና አንድ ካርቶን ካሴትም ከተሰበረው ወንበር ጋር አብሮ ይሸጣል፡፡ ይህን ዕቃ ተከታትለው የሚገዙ ሰዎች አሉ፡፡ ብዙዎቻችን ሥራ እንደፈቱ እንቆጥራቸዋለን፡፡ በእኔ አስተያየት ግን ደመወዝ የማይከፈላቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ናቸው፡፡

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ንጉሣዊ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር፡፡ ይህን ደፍረው የተላለፉት በወቅቱ ወጣት የነበሩት አቶ አምሃ እሸቴ ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቋቁመው የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተሙ፡፡ ማተሚያ አገር ውስጥ ስላልነበረ ሥራው በመጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላም ሊባኖስ ይታተም ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1975 እስኪሰደዱ ድረስ ወደ 100 የሚጠጉ ነጠላ ሸክላዎችን አወጡ፡፡ ካይፋ ሬከርድስም በዚያው ዘመን ብዙ ሠርቷል፡፡ ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላን ከገበያ አስወጣው፡፡ ካሴት ግን ከቅጂ ላይ በተቀዳ ቁጥር ድምፁ እየደከመ ይሄዳል፡፡

አንድ ሸክላ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» መጥቀስ ይበቃል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ የወጣው ይህ ሥራ በ1984 ፈረንሳይ ውስጥ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ጆሮ ደረሰ፡፡ በ1986 አውሮፓ ውስጥ እንደገና ታተመ፡፡ በ1997 ደግሞ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ሲዲ ፓሪስ ውስጥ ማሳተም ጀመረ፡፡ የዚህ ሁሉ መነሻ ሰው እጅ ላይ የቆየ አንድ ሸክላ ነው፡፡

ወደ ሕጉ እንምጣ፡፡ ሸክላ የገዛ ሰው የዕቃው ባለቤት ነው፤ ሊሸጠው፣ ሊያውሰው፣ ሊያወርሰው ይችላል፡፡ የዘፈኑ ባለቤት ግን አይደለም፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ማዘጋጀትን ይፈቅዳል፡፡ አባዝቶ መሸጥ ወይም በኢንተርኔት ለሕዝብ ማሰራጨት ግን የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል፡፡

የጥበቃው ዘመንም አንድ ዓይነት አይደለም፡፡ የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፡፡ የድምፅ ቅጂው አሳታሚ መብት ግን 50 ዓመት ብቻ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ ሸክላን ብንወስድ የአሳታሚው 50 ዓመት በ2019 ሞልቷል፡፡ በ2021 ያረፈው ዓለማየሁ እሸቴ ራሱ የደረሳቸው ሥራዎች ግን እስከ 2071 ድረስ ጥበቃ አላቸው፡፡ ስለዚህ «አሮጌ ስለሆነ የማንም አይደለም» የሚለው አነጋገር ስህተት ነው፡፡

እዚህ ላይ ትልቁ ችግር ይመጣል፡፡ የደራሲው ወራሽ መብት ይኖረዋል፤ ሸክላው ግን እጁ ላይ ላይኖር ይችላል፡፡ አሰባሳቢው ሸክላው አለው፤ መብት ግን የለውም፡፡ ሕጉ መብትን ይጠብቃል እንጂ ሸክላን ከፀሐይና ከአቧራ አይጠብቅም፡፡ የመጨረሻው ደህና ቅጂ በተሰበረ ቀን የወራሹ መብት በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር መብት ይሆናል፡፡ ሁለቱ ሳይፈላለጉ የሚያልፉት እያንዳንዱ ዓመት ለሁለቱም ኪሳራ ነው፡፡

ውድ አንባቢ፣ እቤትዎ ሸክላ ካለ ከመሸጥዎ በፊት መሃሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት ያንብቡ፤ የአሳታሚውን ስምና ቁጥሩን ይመዝግቡ፡፡ ሙቀት ስለሚያጣምመው ከፀሐይ አርቀው፣ ሳይደራርቡ አቁመው ያስቀምጡት፡፡ አሰባሳቢዎችም የያዙትን ዘርዝረው ቢጽፉና ወራሾችን ቢያፈላልጉ በውል ተስማምቶ ማሳተም ይቻላል፡፡ አዋጁ ለትርፍ ላልቆሙ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ለጥበቃ ሲባል የመቅዳት ዕድል ስለሚሰጥ፣ እነዚህ ተቋማትም የአሰባሳቢዎችን በር ማንኳኳት ይገባቸዋል፡፡ ለአንድ ሸክላ ጥቂት መቶ ብር የሚከፍለው ሰው የያዘው የሌላ ሰው ውርስ ጭምር ነው፤ እሱም ይህን ይወቅ፣ እኛም ሥራ ፈት ማለታችንን እንተው፡፡